ውሻን ውጭ አስሮ ማዋል ያስከስሳል ወይ? ከደብረ ብርሃን ለመጣ ጥያቄ መልስ

ጥያቄውን ላላያችሁት ባጭሩ፦ ጠያቂው ደብረ ብርሃን ነው የሚኖረው። ጎረቤቱ ያሉ አንድ ጋሼ ውሻቸውን ከውጭ በራቸው ጎን ባጭር ሰንሰለት አስረውታል፣ ቀንም ሌትም እዛው ነው፣ ሌሊት ሲያላዝን ያድራል፣ ልጆች ሲያልፉ ደሞ ሰንሰለቱን ሊበጥስ እስኪደርስ ይዘላል። ካሊፎርኒያ ያለች እህቱ "እዚህ ቢሆን ይከሰሱ ነበር" ብላዋለች። እሱም የራሱ ውሻ አለው፣ እስካሁን ፈቶ ነው የሚያውለው። የጠየቀው እኛ አገር ውሻ ማሰርን የሚከለክል ወይ የሚያስገድድ ሕግ አለ ወይ፣ ቢነክስብኝ ምን ይመጣብኛል፣ ጋሼንስ ምን ልበላቸው ነው።

ወንድሜ፣ እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ደጋውም ቆላውም ላይ ሠርቻለሁ፣ ውሻ ሰው በነከሰ ቁጥር ፖሊሱም ሽማግሌውም ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ስለሚመጣ ሕጉንም ከሥራዬ ጋር አብሬ ነው የማየው። ክስ ውስጥ ከገባህ ግን ጠበቃ ያዝ፣ ይሄ የጠበቃ ምክር አይደለም።

የእህትህን ነገር ላስቀድም ምክንያቱም ልክ ናት። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ውሻን ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር፣ ማለት ከዛፍ ከአጥር ከምናምን ጋር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ሰዓት በላይ አስሮ ማቆየት በሕግ የተከለከለ ነው። የተወጠረ ሽቦ ላይ በቀለበት ወዲያ ወዲህ እንዲል አድርጎ ማሰር ግን ይፈቀዳል። ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ላይ ያዋለችው ሕግ ደሞ ውጭ የሚታሰር ውሻ መጠለያና ንፁህ ውሃ እንዲኖረው፣ በሰንሰለት እንዳይታሰር፣ ማሰሪያውም ቢያንስ ወደ 3 ሜትር ወይ የውሻው ርዝመት (ከአፍንጫው እስከ ጭራው መነሻ) 5 እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን ያህል እንዲሆን ያስገድዳል። ስዊዘርላንድ የታሰረ ውሻ በቀን ቢያንስ 5 ሰዓት ተፈቶ መንቀሳቀስ አለበት ትላለች። ኦስትሪያ ጭራሽ ለትንሽ ጊዜም ቢሆን አስሮ ማኖርን ከልክላለች። ስለዚ ውጭ ያለው ሰው "ይሄ ወንጀል ነው" ሲልህ እያጋነነ አይደለም፣ የሚያወራው የራሱን አገር ሕግ ነው።

እኛ ጋ ስትመጣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆነ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ውስጥ "ውሻ ከዚህ ሰዓት በላይ አይታሰር" ወይ "ሰንሰለቱ ይሄን ያህል ሜትር ይሁን" የሚል አንቀጽ የለም። ውሻ ሁሉ ይታሰር የሚልም የለም። ከተማ አስተዳደርና ቀበሌ ግን በየጊዜው መመሪያ ሊያወጡ ይችላሉ፣ በተለይ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሳ ሲባል "ውሻችሁን እሰሩ፣ ተፈቶ የተገኘ ይወገዳል" ተብሎ በድምፅ ማጉያ ሲለፈፍ ሰምተህ ይሆናል፣ እንዲህ አይነት ማስታወቂያ ከወጣ ቀልድ አይደለም፣ ውሻህን የምታጣው በዛ ሰሞን ነው። አሁን ባለህበት ቀበሌ የተለየ መመሪያ ካለ ማዘጋጃ ቤት ወይ ደንብ ማስከበር ሄደህ በአካል ጠይቅ።

ግን አንቀጹ የለም ማለት ሕግ የለም ማለት አይደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የኛ ሕግ ስለ ሰንሰለቱ ሳይሆን ስለ ጉዳቱ ነው የሚያወራው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071ን እያንዳንዱ ውሻ ያለው ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል፤ በቀላል አማርኛ የሚለው የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፣ እንስሳው ድንገት አምልጦት ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ብሎ ያልጠበቀው ቢሆንም ኃላፊ ነው። "አስሬው ነበር፣ በጥሶ ነው" ማለት ከካሳ አያድንህም። "ነክሶ አያውቅም እኮ፣ ልጆች ናቸው የሚጫወቱበት" ማለትም አያድንህም። ተጎጂው ራሱ ጥፋት ካለበት፣ ለምሳሌ ግቢህ በሌሊት ዘሎ የገባ ሰው ከሆነ ወይ ድንጋይ እየወረወረ ሲተናኮለው የነበረ ከሆነ፣ ያ ይታያል፣ ኃላፊነትህ ሊቀንስም ሊቀርም ይችላል። ውሻውን ለራሱ ጥቅም ተረክቦ የያዘ ሌላ ሰው ካለም፣ ለምሳሌ ለመጋዘኑ ጥበቃ የተዋሰህ ሰው፣ እሱም በያዘበት ጊዜ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የካሳ ክስ ደሞ ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፣ ለነካሹ ውሻ ባለቤትም ለተነከሰውም ይሄ ቀን ይጠቅማል።

ይሄ የገንዘቡ ነው። የወንጀሉ ለብቻው ነው። ቸልተኛ ሆነህ፣ ማለት ተናካሽ መሆኑን እያወቅክ በር ከፍተህ ትተኸው፣ ሰው ላይ የአካል ጉዳት ከደረሰ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል፣ ሰው ከሞተ ቁጥር 543 አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር ሞት ሩቅ ነገር አይደለም። በዛው ሕግ የደንብ መተላለፍ ክፍል ውስጥ እንስሳን ያለ በቂ ምክንያት ማሰቃየትም ያስቀጣል፣ ስለዚ አንድ ሰው ውሻውን አስሮ ውሃና ምግብ ነፍጎት ቢያከሳው ወይ አንገቱ እስኪቆስል ቢተወው "የራሴ ውሻ ነው" ብሎ መከራከሩ አያዋጣውም። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ሲከሰስ ታያለህ ወይ ካልከኝ አላይም፣ ግን ሕጉ አለ።

ለጩኸቱ ደሞ የፍትሐ ብሔር ቁጥር 1225 አለልህ። ማንም ባለንብረት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን ከልክ በላይ እንዳያውክ ይላል፣ ጭስ፣ መጥፎ ሽታ፣ ድምፅ ተብሎ ተዘርዝሯል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያላዝን ውሻ እዚህ ውስጥ የሚገባ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልምጣ፣ ምክንያቱም ጋሼን የሚያሳምንልህ አንቀጹ ሳይሆን ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ። የኛ ሰው ውሻን የሚያስረው በክፋት አይደለም። "ከታሰረ ኃይለኛ ይሆናል፣ ቤት ይጠብቃል" ተብሎ ስለሚታመን ነው፣ ቡችላውንም ገና በ2 እና በ3 ወሩ ያስሩታል "እንዲቆጣ" ብለው። እውነትም ይቆጣል። ግን የሚቆጣው ሌባውን ለይቶ አይደለም። ውሻ የሚያስፈራው ነገር ሲመጣበት ሁለት ምርጫ አለው፣ መሸሽ ወይ መናከስ፣ ስታስረው መሸሹን ወስደህበታል፣ ስለዚ የቀረው አንዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ሰው እያለፈበት፣ ልጆች በዱላ እየነካኩት፣ ሌላ ውሻ እየመጣበት፣ የትም መሄድ ካልቻለ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ጠላት ይሆንበታል። አሜሪካ ዴንቨር ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት የነከሱ ውሾችን ካልነከሱት ጋር አስተያይቶ የነከሱት ግቢ ውስጥ ታስረው የሚውሉ ሆነው የመገኘት እድላቸው ወደ 3 እጥፍ የተጠጋ ነው ብሏል። እኛም ክሊኒክ የምናየው እሱኑ ነው፣ የሚነከሰው ደሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ ሳይሆን የቤቱ ወይ የጎረቤቱ ልጅ ነው፣ ኳስ ተከትሎ ወይ ምግብ ሊሰጠው ብሎ ክልሉ ውስጥ የገባ ልጅ።

ስለዚ ማሰርህ ተጠያቂነትህን አይቀንሰውም፣ እንዲያውም ክፉኛ ከታሰረ የሚያስጠይቅህን ነገር ራስህ እያሳደግክ ነው። ፈቶ መልቀቅም መልስ አይደለም፣ መንገድ ላይ ተፈቶ የሚውል ውሻ ሌላ ውሻ ነክሶት፣ ወይ እሱ መንገደኛ ነክሶ፣ ወይ መኪና ገጭቶት ነው የሚመጣው። ወንድሜ ያንተን ውሻ ቀን ፈትቼ አውለዋለሁ ያልከው የግቢህ በር ተዘግቶ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው፣ በር ተከፍቶ ከሆነ ግን ከጋሼ አትሻልም፣ በዚህ ቅር አይበልህ።

አንገት ላይ ስለሚሆነው ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ቡችላ እያለ ባገኘነው ገመድ ወይ በሽቦ እናስረዋለን፣ ውሻው ያድጋል፣ ገመዱ ግን አያድግም። ፀጉሩ ስለሚሸፍነው ማንም አያይም፣ መጀመሪያ ፀጉሩ ይመለጣል፣ ከዛ ቆዳው ይላጣል፣ ከዛ ገመዱ ሥጋ ውስጥ ይገባና ቆዳው ላዩ ላይ ይበቅልበታል። ባለቤቱ እኛ ጋ የሚያመጣው "ውሻዬ ሸተተኝ" ብሎ ነው፣ ገልጠን ስናይ ትል ይዞታል። አደንዝዘን ሽቦውን በመቁረጫ ቆርጠን ስናወጣ ዙሪያውን ጣት የሚያስገባ ቦይ ሠርቶ ይገኛል። ይሄ እንዳይሆን የሚያስፈልገው ነገር ሁለት ጣትህን በማሰሪያውና በአንገቱ መሀል አስገብቶ መሞከር ብቻ ነው፣ ለሚያድግ ቡችላ በየሳምንቱ፣ ላደገ ውሻ በየወሩ። ሽቦና ናይለን ገመድ አንገት ላይ በፍፁም አታድርግ፣ ሰፋ ያለ የቆዳ ጠፍር ይሻላል።

ሌላው የኛ አገር ጉዳይ የአየሩ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለው፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የሌሊት ውርጭ አንተ ታውቀዋለህ፣ ጠዋት ሳሩ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። ተፈቶ ያለ ውሻ ቢያንስ ተነስቶ ይሮጣል፣ ጭድ ክምር ስር ይገባል፣ ከብቶቹ ጋ ሄዶ ይጠጋል። ባጭር ሰንሰለት ባዶ መሬት ላይ የታሰረ የት ይሂድ? የምትሰማው ማላዘን አብዛኛው ብርድ ነው። ሸዋሮቢትና አረርቲ ብትወርድ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ እዛ የሚገድለው ፀሐዩ ነው፣ ውሻ እንደ ሰው በቆዳው አያልበውም፣ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ነው፣ ጥላና ውሃ በሌለበት እኩለ ቀን ላይ ታስሮ ከዋለ ሙቀቱ አናቱ ላይ ወጥቶ ይወድቃል። ጠዋት ጥላ የነበረው ቦታ ከሰዓት ፀሐይ መሆኑን ሰው ይረሳዋል፣ የውሃውም እቃ ሰንሰለቱ ሲጎተት ይደፋል፣ ውሻው ሲጠማ የሚውለው በዚህ ነው።

ከዛ ደሞ ጅብ አለ። ውጭ ያለ ሰው ይሄን አይገነዘበውም። ከከተማ ዳር ባሉ ሰፈሮች፣ ጣርማ በር በኩል፣ አንኮበር፣ መንዝ ላይ፣ ሌሊት ከአጥር ውጭ የታሰረ ውሻ ለጅብ የቀረበ ነው። የመንዝ ገበሬ ይሄን ጠንቅቆ ያውቃል፣ በጉን በረት ሲያስገባ ውሻውን አያስረውም፣ በረቱን እየዞረ እንዲጠብቅ ይፈታዋል እንጂ፣ ምክንያቱም ተፈቶ የሚጮህ ውሻ ነው ጅቡን የሚያርቀው፣ ታስሮ የሚጮኸው ጅቡን ይጠራል። ስለዚ ለሌሊት ጥበቃ አሰርኩት የሚለው ምክንያት አይሠራም፣ ሌሊት መፈታት ያለበት ከሆነ ግን በተዘጋ ግቢ ውስጥ ነው።

በሽታውን በተመለከተ። ሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ እስከ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፣ ይሄ የዓለም ጤና ድርጅት ቁጥር ነው። ምልክቱ አንዴ ሰው ላይ ከወጣ መዳን የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። "የኔ ታስሮ ነው የሚውለው፣ ክትባት አያስፈልገውም" የሚል ሰው በብዛት ይገጥመኛል፣ ግን ያበደው ውሻ እኮ እሱ ጋ ነው የሚመጣው፣ የታሰረው ደሞ ሮጦ ማምለጥ አይችልም። ክትባቱ ከ3 ወር እድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ በየዓመቱ ይደገማል፣ ደብረ ብርሃንም ወረዳዎቹም ላይ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቅ፣ የክትባት ካርዱን ደሞ እንደ መታወቂያህ አስቀምጠው፣ ሰው በተነከሰ ጊዜ ፖሊስም ሐኪምም የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እሱ ነው። መንዝ ጓሳ አካባቢ ላላችሁ ደሞ ነገሩ ከሰው ያልፋል፣ እዛ ያለው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀረ እንስሳ ነው፣ ባሌ ላይ ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በተደጋጋሚ ብዙዎቹን ጨርሷል፣ ጓሳን አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት፣ ማለት የሳሩን መሬት በጋራ ደንብ በሚጠብቁበት ባህላዊ ሥርዓት፣ ለዘመናት ጠብቀው አቆይተውልናል፣ ያልተከተበ ውሻ ሳሩ ላይ እየፈነጨ እንዲውል መተው ያንን ልፋት ማበላሸት ነው።

ውሻህ ሰው ከነከሰ፣ ታስሮም ይሁን ተፈቶ፣ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዛ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል። ጠበል መሄድ የፈለገ ይሂድ፣ ታጥቦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ከጀመረ በኋላ። ውሻውን በንዴት አትግደለው። አጥብቀህ ማሰር ያለብህ ጊዜ ቢኖር ይሄኔ ነው፣ 10 ቀን ለብቻው አድርገህ ትከታተለዋለህ፣ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ድምፁ ከተቀየረ፣ ለሀጩ ከተዝረበረበ፣ ድንጋይና እንጨት መንከስ ከጀመረ፣ የኋላ እግሩ ከተጎተተ ማንም አይጠጋው፣ ክሊኒክ ደውል። ከሞተ ናሙና ስለሚያስፈልግ አትቅበረው፣ በባዶ እጅህም አትንካው።

አሁን ግድ ማሰር ካለብህ፣ ማለት አጥር ከሌለህ ወይ ቀን ሰው የሚገባ የሚወጣበት ግቢ ከሆነ፣ እንዲህ አድርገው። ሁለት ጠንካራ ግንድ ወይ ብረት ተክለህ መሀላቸው ከራስህ ከፍ አድርገህ ሽቦ ወጥር፣ 6 ወይ 7 ሜትር ብታገኝ ጥሩ ነው፣ ሽቦው ላይ ወፈር ያለ የብረት ቀለበት አስገብተህ ማሰሪያውን ከቀለበቱ ጋር አያይዘው። ማሰሪያው ውሻው በነፃነት የሚተኛበትን ያህል ይርዘም። በሁለቱም ጫፍ ከግንዱ አንድ ሜትር ያህል ቀደም ብለህ ሽቦው ላይ ማገጃ ቋጥርበት፣ አለዚያ ግንዱን እየዞረ ይጠመጠምበታል። ከአጥርና ከግንብ አርቀው፣ ይሄን አደራ፣ አጥር አጠገብ የታሰረ ውሻ ዘሎ ማዶ ይንጠለጠልና ታንቆ ይሞታል፣ ይሄ በየጊዜው የሚደርስ ነገር ነው። በሚደርስበት ቦታ ውስጥ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቤት ሥራለት፣ በሩ ነፋሱ ከሚመጣበት ዞር ያለ፣ ውስጡ ጭድ ጎዝጉዝበት እንጂ ጨርቅ አይሁን፣ ጨርቅ ውርጭና ዝናብ ሲያገኘው ረጥቦ ይከርማል። የውሃውን እቃ ከባድ የድንጋይ ገንዳ ወይ መሬት ውስጥ ግማሹ የተቀበረ ባልዲ አድርገው፣ አይደፋበትም። መንገደኛና የልጆች መጫወቻ ጋ አይድረስ። ቀኑን በሙሉም አይሁን፣ ጠዋትና ማታ ፍታው፣ ይዘኸው ዙር።

ጋሼን በተመለከተ፣ በቀጥታ "ሕግ ይከለክላል" ብለህ እንዳትጀምር፣ አንደኛ በደፈናው እንደዛ የሚል የለም፣ ሁለተኛ ትልቅ ሰው በልጅ አይመከርም ብለው ይዘጉብሃል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወይ ቡና ሰዓት ላይ ሂድና "ጋሼ ውሻዎ ሌሊት ብርድ እየያዘው ነው መሰለኝ፣ ሽቦ ልወጥርልዎት፣ ቤትም እንሥራለት" በላቸው፣ ብዙ ሰው እንቢ የሚለው ሥራው ስለሚከብደው ነው፣ ሠርተህ ስታሳየው እሺ ይላል። ውሻው የሰፈሩን ልጅ ቢነክስ ካሳው በእሳቸው ላይ እንደሚመጣ፣ ሰንሰለቱ ቢበጠስም እንደማይድኑ፣ ይሄን በእርጋታ ንገራቸው፣ ቁጥር 2071ን በስልክህ ከፍተህ አሳያቸው። እንቢ ካሉ የሰፈሩን ሽማግሌ አስገባ፣ ከዛ ቀበሌ፣ ጩኸቱ ካልቆመ ቁጥር 1225 ይዘህ አቤቱታ ማቅረብ መብትህ ነው። ውሻው ሲራብና ሲቆስል ካየህ ደሞ ፎቶ ከነቀኑ ያዝ፣ ለእንስሳት ሐኪሙም ለፖሊስም ያስፈልጋል።

ክትባት ስትወስዱት ሁለቱን ውሾች አንድ ላይ አታምጧቸው፣ መንገድ ላይ ይጣላሉ። የጋሼን ውሻ ራሳቸው ጋሼ ይያዙት፣ ያልለመደውን ሰው ስለሚፈራ፣ አፉን ከአፍንጫው በላይ በሻሽ ወይ በሰፊ ጨርቅ አንድ ዙር አስረው ከጆሮው ኋላ ቋጥሩት፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሰው ሳይበዛ በጠዋት ኑ፣ ከተወጋ በኋላ ወዲያው ይፈታለት።